ድንኳኑ ተመልሶ ሲተከል



መጋቢት 30 ቀን 2012 ዓ.ም. የታወጀው የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከ4 ሰው በላይ መሰብሰብን ሲከለክል፣ ስንቱን በጣት በሚቆጠር ለቀስተኛ ሸኘን። በጳጉሜን ጊዜው ሲያበቃ ግን ደስታችን ሙሉ አልነበረም። የተነሣው አዋጁ እንጂ በሽታው አይደለማ! ክትባቱ እንኳ አገራችን የገባው በየካቲት 2013 ነው። ድንኳን ውስጥ ከጧት እስከ ማታ የሚቀመጡትስ እነማን ናቸው? ሽማግሌዎቻችንና ባልቴቶቻችን፤ ኮሮናም የሚበረታው በነሱው ላይ ነው። ስለዚህ የድንኳኑ ጎን ይገለጥ፣ አግዳሚው ይራራቅ አልን። በሜትር ለክተን ነው እንዴ የምናለቅሰው ብለው የተቆጡን አሉ፤ አልፈረድንባቸውም። የዓለም ጤና ድርጅት በሚያዝያ 2015 አስቸኳይነቱ አብቅቷል ቢልም፣ ዛሬም አንድ ነገር እንጠይቃለን፦ እያሳለው ከቀብር የቀረ አባል የቀሪ መቀጮ አይክፈል።