አባ መላና የቦረና ጉድጓዶች
በልጅነታቸው በጦርነት ተማርከው የምኒልክን ቤት የተቀላቀሉት ፊታውራሪ ሀብተ ጊዮርጊስ ዲነግዴ፣ «አባ መላ»፣ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው የጦር ሚኒስትር ሆኑ፤ ቦረናንም አስተዳደሩ። በዚያው ዓመት ኅዳር ከእንግሊዝ ጋር የተፈረመው የወሰን ውል የቦረናን ሕዝብ ለሁለት ከፈለው። «የአባ መላ ጦር ባይኖር ኖሮ ወሰኑ ወደ ሰሜን በገፋ ነበር» የሚሉ አሉ፤ ክርክሩ ሚዛን ይደፋል። ይሁን እንጂ የገባር ሥርዓቱን ሸክም የተሸከመው አርብቶ አደሩ ነው። ቆላውን ያኖረውም ወረቀት ሳይሆን ውኃ ነው፦ ቱላ በሚባሉት የቦረና ጥልቅ ጉድጓዶች ወጣቶች ከታች እስከ ላይ ተደርድረው፣ እየዘፈኑ፣ ባልዲ ይቀባበላሉ። ስለዚህ የአባ መላን ታሪክ ስንመዝን፣ ከነጌሌ እስከ ሞያሌ ያለውን ቆላ ጦረኛው ብቻውን እንዳላቆመው እናስታውስ፤ ውኃ ቀጂውም የታሪኩ ባለቤት ነው።