ለጀማሪ አንባቢ የሚገባው መደርደሪያ

ልጃችሁ 231ዱን ፊደል ከለየ በኋላ ሥዕል የበዛበትን መጽሐፍ ንቆ፥ ረጅሙን ደግሞ ፈርቶ፥ በመካከል የሚቆምበትን ጊዜ ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። በአሜሪካ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1957 ዓ.ም. የታተመው የኤልሰ ሚናሪክ «ትንሹ ድብ» በአራት አጫጭር ታሪኮች ተከፍሎ የተዘጋጀው እንዲህ ላለው አንባቢ ነው።

ሆኖም ቤተ መጻሕፍቱ እነዚህን ቀጫጭን መጻሕፍት በደራሲ ስም ተራ ከወፍራሞቹ ጋር ቢያሰልፋቸው ተውጠው ይቀራሉ፤ ጀርባቸው ቀጭን ስለ ሆነም ርእሳቸው በቀላሉ አይነበብም። ስለዚህ ለብቻቸው፥ በልጁ ዓይን ትክክል፥ በጀርባቸው አንድ ዓይነት ቀለም ተለጥፎባቸው ሊቀመጡ ይገባል። ተከታታዮቹም በቁጥራቸው ተራ ይሁኑ፤ አንደኛውን የወደደ ልጅ ሁለተኛውን ራሱ ፈልጎ ያወጣልና። «ለደካሞች» የሚያሰኝ ጽሑፍ ግን ከቶ አይለጠፍ፤ ያፈረ ልጅ ወደዚያ አይጠጋም። እናንተም ልጃችሁን ይዛችሁ ስትሄዱ መደርደሪያውን አሳዩት እንጂ መጽሐፉን አትምረጡለት።