ነጭ፣ ጥቁር፣ አረንጓዴ፦ በሃዋይ ትልቁ ደሴት የባሕር ዳርቻ



እሳተ ገሞራ ሲነሣ የሁላችንም ሐሳብ ወደ አፋር፣ ወደ ኤርታ አሌ ይሄዳል። ዛሬ የምናገረው ግን በሰላማዊ ውቅያኖስ መካከል ስለ ተወለደ መሬት ነው። ኤርታ አሌና የሃዋዩ ኪላዌያ በጠባያቸው ይመሳሰላሉ፤ ሁለቱም ቀጥኖ የሚፈስ የባዛልት ቅልጥ አለት የሚያወጡ፣ በምድር ላይ እንደ ተደፋ ጋሻ ጎናቸው የተንጣለለ ተራሮች ናቸው። ሆኖም የኤርታ አሌ ፍሰት በረሃው ላይ ቀዝቅዞ ይቀራል፤ የኪላዌያን ፍሰት ግን ባሕር ይጠብቀዋል። የዛሬው ጉዳዬ ሁለቱ የሚገናኙባት ጠባብ መስመር፣ እንዲሁም በዚያች መስመር ላይ በእንግድነት የሚቆመው ሰው ነው።

ደሴቲቱን የሠሯት ተደራርበው የበቀሉ አምስት እሳተ ገሞራዎች ናቸው፤ ኮሃላ፣ ማውና ኬያ፣ ሁዋላላይ፣ ማውና ሎዋና ኪላዌያ። በዕድሜ ታላቁ ኮሃላ በሰሜን ጫፍ፣ እጅግ ንቁ የሆነው ኪላዌያ በደቡብ ምሥራቅ ይገኛል። ስለዚህ ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚጓዝ ሰው ከሽማግሌ መሬት ተነሥቶ ወደ ሕፃን መሬት ይደርሳል። የአሸዋውም ቀለም ይህንኑ ይከተላል ማለት ይቻላል።

በሰሜን ምዕራብ በኩል ያለው ሃፑና ነጭ አሸዋ ነው። ነጩ አሸዋ ከእሳት የመጣ አይደለም፤ በባሕሩ ውስጥ ከኖሩ ፍጥረታት፣ በተለይም ከኮራል የተገኘ ነው። ከፊሉን ማዕበል ያደቅቀዋል፤ ከፊሉን ደግሞ ፓሮት ፊሽ የሚባለው ዓሣ ኮራሉን በጥርሱ ፈጭቶ፣ የሚበላውን በልቶ፣ የተረፈውን ከሆዱ ያስወጣዋል። በዚያ አሸዋ ላይ የተጋደመው አገር ጎብኚ የዓሣ ኩስ ላይ መተኛቱን ብዙ ጊዜ አያውቅም፤ እኔም ለማንም አልነገርሁም።

ጥቁሩ አሸዋ ሌላ ታሪክ አለው። ሙቀቱ ከ1,100 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሚበልጥ ቅልጥ አለት ባሕር ውስጥ ሲገባ ውኃው በቅጽበት ወደ እንፋሎት ይለወጣል፤ አለቱም እንደ ጋለ ብርጭቆ ይፈነዳል። ስብርባሪውን ሞገድ ይሰበስበዋል፤ በጥቂት ሳምንታት ወይም ወራት ውስጥም ትናንት ያልነበረ ዳርቻ ይፈጠራል። ፍሰቱ ሲቆም ግን አዲስ አሸዋ አይመጣም። ባሕሩ በየቀኑ ይወስዳል፣ የሚተካ የለም። ጥቁር ዳርቻዎች ያለ ደመወዝ በተቀማጭ ብቻ እንደሚኖር ሰው ናቸው።

ከእነዚህ ታዋቂው ፑናሉኡ ነው። አረንጓዴ የባሕር ኤሊዎች ወጥተው በጥቁሩ አሸዋ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ጎብኚ ቢያንስ ሦስት ሜትር ያህል እንዲርቅ ይመከራል። እኔን ይበልጥ ያስገረመኝ ግን ውኃው ነው። ተራራው ላይ የዘነበው ዝናብ ስንጥቅ በበዛበት ባዛልት ውስጥ ሰርጎ፣ ቁልቁል ተጉዞ፣ ከባሕሩ በታች ቀዝቃዛ ምንጭ ሆኖ ይፈልቃል። ስሙም የተሰየመው በመጥለቅ በሚገኝ ምንጭ ነው፤ የጥንት ሰዎች ዕቃ ይዘው እየጠለቁ ከጨው ባሕር ውስጥ የሚጠጣ ውኃ ይቀዱ ነበር ይባላል።

የዶክትሬት ትምህርቴን ስከታተል ለመጀመሪያ ጊዜ ወደዚያ ስሄድ የያዝሁት የጉዞ መጽሐፍ ካይሙን ያመሰግን ነበር፤ ኮኮናት የከበበው፣ እጅግ የተወደደ ጥቁር ዳርቻ። መጽሐፉ አሮጌ ነበር። ካላፓና የምትባለው መንደርና የካይሙ ዳርቻ እ.ኤ.አ. በ1990 በፍሰት ተውጠዋል፤ የባሕር ወሽመጡ ከነበረበት ላይ 15 ሜትር ያህል ውፍረት ያለው አለት ተኝቷል። እኔ የደረስሁት ወደዚያ ጥቁር ሜዳ ነው። በአለቱ ስንጥቅ ውስጥ ሰዎች የኮኮናት ችግኝ ተክለው ነበር።

በዚያው ጉዞ ካፖሆ በሚባለው ስፍራ፣ በአለት በተከበቡ የረጉ የባሕር ኩሬዎች ውስጥ፣ ኮራልና ትንንሽ ዓሣዎችን ሳይ ግማሽ ቀን አሳለፍሁ። እ.ኤ.አ. በግንቦት 2018 የኪላዌያ ምሥራቃዊ ጎን ተሰነጠቀ፤ ፍሰቱ ከ700 በላይ ቤቶችንና ሌሎች ሕንፃዎችን አጠፋ፣ የካፖሆንም ወሽመጥ ሞላው። ዛሬ ኩሬዎቹ የሉም፤ በምትካቸው አዲስ የብስ አለ። ያንኑ ዓመት በሐምሌ አንዲት የጎብኚዎች ጀልባ ወደ ፍሰቱ ቀረበች፤ ባሕሩ ውስጥ የፈነዳው አለት ጣራዋን በስቶ ገባ፣ 23 ሰዎች ተጎዱ። ከሩቅ ነጭ ደመና የሚመስለው እንፋሎት ሃይድሮክሎሪክ አሲድና የደቀቀ ብርጭቆ የተቀላቀለበት ነው። በአዲሱ የብስ ጫፍ መቆምም እንዲሁ አደገኛ ነው፤ መሠረቱ ልል ስብርባሪ በመሆኑ ሳይታሰብ ወደ ባሕር ይናዳል።

በኋላ ወደ ፖሆይኪ ሄድሁ። የ2018ቱ ፍሰት ከጀልባ ማውረጃው አጠገብ ቆሞ፣ አሸዋው ግን መተላለፊያውን ደፍኖት ነበር። ለእኔ አዲስ የተወለደ ዳርቻ ማየት ብርቅ ነው፤ ፎቶግራፍ አነሣሁ። ከአጠገቤ ለነበሩት የአካባቢው ሰዎች ግን ያ አሸዋ የዓሣ ማስገሪያ በራቸውን የዘጋ ነገር ነው። ካሜራዬን ወደ ቦርሳዬ መለስሁት።

አሁን በጠረጴዛው ላይ ወዳለችው ትንሽ ጠርሙስ ልምጣ። ይህ አሸዋ የፓፓኮሌያ ነው፤ በደሴቲቱ ደቡብ ጫፍ አቅራቢያ ያለ አረንጓዴ ዳርቻ። ቀለሙን የሰጠው ኦሊቪን የሚባለው ማዕድን ነው። ምንጩ ፑኡ ማሃና የሚባል፣ 49,000 ዓመት ገደማ ያስቆጠረ የእሳተ ገሞራ ኮረብታ ሲሆን፣ ሞገድ ግማሽ ጎኑን በልቶታል። ኦሊቪን ከባድ ስለሆነ ቀላሉ ሲታጠብ እርሱ ይቀራል። ኮረብታው ግን ዳግም አይፈነዳም፤ ሲያልቅ ዳርቻውም ያበቃል።

ወደዚያ በእግር አራት ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። መሬቱ ለሃዋይ ተወላጆች ተለይቶ የተያዘ ነው። ጎብኚ የሚያመላልሱ መኪናዎች በየአቅጣጫው ስለሚነዱበት መስኩ በጥልቅ የጎማ ቦይ ተቆራርጧል። ያንን አይቼ አዘንሁ፤ በእግሬ በመሄዴም ኮራሁ። ከዚያም ጎንበስ ብዬ ይህችን ጠርሙስ ሞላሁ። ለማስተማሪያ ነው አልሁ። በሃዋይ ሕግ ከባሕር ዳርቻ አሸዋ መውሰድ ክልክል መሆኑን ያን ጊዜ አልጠየቅሁም፤ አለመጠየቄም በአጋጣሚ አልነበረም።

ብዙ ጎብኚዎች የወሰዱትን ድንጋይ የእሳተ ገሞራዋ አምላክ የፔሌ ቁጣ ያመጣል ብለው ፈርተው፣ በፖስታ ወደ ብሔራዊ ፓርኩ ይመልሳሉ። ድንጋዩ ከየትኛው ፍሰት ላይ እንደ ተነሣ ግን ከላኪው በቀር የሚያውቅ የለም። እኔ ቁጣዋን አልፈራሁም፤ ጠርሙሷም በማስተማሪያ ናሙናዎቼ መካከል ለዓመታት ቆየች። ባለፈው ዓመት አንዲት ተማሪዬ በወረቀቱ ላይ ቦታውንና ቀኑን አንብባ፣ «ፈቃዱ የቱ ጋ ነው የተጻፈው?» ስትል ጠየቀችኝ። በማግሥቱ ከቀኑ በታች «ያለ ፈቃድ የተወሰደ» ብዬ ጻፍሁበት፤ ስሜንም ጨመርሁ።

አሸዋውን ማየት የምትፈልጉ ከጥያቄዎቹ በኋላ ወደ ጠረጴዛው ቅረቡ። አጉሊ መነጽር አዘጋጅቻለሁ። ክዳኑን ግን እባካችሁ አትክፈቱት።