በካይሮ ቡና ቤት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተነበበ ንግግር)



ስለ ግብፅ እንድንናገር ማኅበሩ በጠየቀን ጊዜ፣ ብዙዎቻችሁ የፒራሚዶቹን ነገር እንደምትጠብቁ ገምተናል። በሦስት ዓመት ውስጥ ፒራሚዶቹን ያየናቸው ሁለት ጊዜ ነው፤ በሰፈራችን ቡና ቤት ግን ያልተቀመጥንበት ማታ ጥቂት ነው። ስለዚህ የምናወራው ስለዚያው ይሆናል።

ካይሮ የገባን ሰሞን ችኩሎች ነበርን። ወረቀት ለማስጨረስ ስንሄድ «ቡክራ» ይሉናል፤ ነገ ማለት ነው። በማግሥቱም «ቡክራ»። እየተናደድን ከረምን። ኋላ ግን ዓይናችን ወደ ሰፈሩ ተመለሰ። ጧት የፉሉ ጋሪ ይቆማል፤ የኛው ባቄላ ነው፤ አንገቱ በጠበበ ማሰሮ በቀስታ እሳት ሲበስል አድሮ በረጅም ጭልፋ ይቀዳል። ከፎቅ ያሉት እመቤቶች ቅርጫት በገመድ ይለቃሉ፤ ገንዘቡ ይወርዳል፣ ዳቦው ይወጣል። መንግሥት የሚደጉመው ዳቦ ከሠላሳ ዓመት በላይ 5 ቂርሽ (አያቶቻችን ግርሽ ይሉት የነበረው መሆኑ ነው) ሲሸጥ ኖሮ፣ ከግንቦት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ 20 ሲገባ፣ የሰፈሩ ወሬ ይኸው ብቻ ሆነ።

ቡና ቤቱን «አህዋ» ይሉታል፤ ቡና ማለት ነው፤ የሚጠጣው ግን አብዛኛውን ጊዜ ሻይ ነው። በአንዲት ብርጭቆ ሦስት ሰዓት ቢቀመጡ የሚቆጣ የለም። እኛ ጠጥተን ብድግ ስንል፣ ሁሉም «ሐጅ» የሚላቸው ሽማግሌ «ልጆቼ፣ ማን አሳደዳችሁ?» አሉን። ከዚያ ወዲያ መቀመጥ ተማርን። ዶሚኖም አስተማሩን፤ እስከ መጨረሻው አላሸነፍናቸውም። ሻዩ ሲመጣ «ውሃው የእናንተ ነው፤ ሒሳቡ የእኔ» ማለት ልማዳቸው ነበር። አስዋን ከሚደርሰው የዓባይ ውሃ 85 ከመቶ ያህሉ ከኢትዮጵያ የሚወርድ ነውና፣ ቀልዱ ቀልድ ብቻ አልነበረም።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የሕዳሴው ግድብ ሲመረቅ ደስታችን ትልቅ ነበር። ማታ ግን ወደ ቡና ቤቱ እንሂድ አንሂድ ብለን ተከራከርን። አንዱ «ጠብ እንገዛለን» ሲል፣ ሌላው «ብንቀርማ የሰረቅን እንመስላለን» አለ። ሄድን። ሐጁ ቀና ብለው አላዩንም። ሁለት ዙር ሻይ ተጠጥቶ ካለቀ በኋላ «ውሃው ይመጣል?» አሉ። ግድቡ ለኤሌክትሪክ መሆኑን፣ ተርባይኑን ያዞረው ውሃ ተመልሶ ወደ ሱዳን እንደሚወርድ አስረዳን። አዳምጠውን ሲያበቁ «ዝናብ በጠፋ ዓመትስ?» አሉ። ስለ ድርቁ ዓመት ሦስቱ አገሮች የተፈራረሙት አስገዳጅ ውል አልነበረምና፣ የምናሳያቸው ወረቀት አጣን፤ ይህንኑ ነገርናቸው። ብዙ ዝም አሉ። ኋላ የዶሚኖውን ጠጠሮች ደባልቀው ድርሻችንን ሰጡን።

በሦስተኛው ቀን መስከረም 1 ነበር። ቅብጡ ጎረቤታችን ቀይ ቴምር ይዞልን መጣ፤ የእነርሱም አዲስ ዓመት ያው ቀን ነው፤ ዓመቱን ግን 1742 ብለው ይቈጥሩታል። እኩሌታውን ለሐጁ ወሰድንላቸው።

ከተመለስን ወዲህ በስልክ ሲያገኙን፣ ከጤናችን እንኳ አስቀድመው የሚጠይቁን «የዘንድሮ ዝናባችሁ እንዴት ነው?» ብለው ነው።