የምንተክለውን ከቤታችን

የማኅበራችንን ሒሳብ የምይዝ እንደመሆኔ የምነግራችሁ ከመዝገቡ ነው። አምና በበጋው የጓሯችን የስኳር ድንች ሐረግ ደረቀ። በልግ ሲገባ ብዙዎቻችን ተበድረን ሐረግ ገዛን፤ እኔም አንዷ ነበርኩ። ድንቹ ሳይደርስ የብድሩ መክፈያ ደረሰ።

ዘንድሮ በጥቅምት ድንቼን ስቆፍር፣ ነቀዝ ያልነካቸውንና ያልቆሰሉትን ትንንሾች መረጥኩ። በሳፋ ደረቅ አሸዋ ውስጥ፣ እርስ በርስ ሳይነካኩ ደርድሬ፣ አሸዋ አልብሼ ጥላ ቦታ አስቀመጥኩ። በታኅሣሥ መጨረሻ፣ ዝናቡ ሁለት ወር ያህል ሲቀረው፣ ያቆጠቆጡትን ጓሮ ተክዬ አትክልት ባጠብኩበት ውኃ አጠጣኋቸው። አሁን ሐረጉን 30 ሳንቲ ሜትር እየቆረጥኩ እተክላለሁ፤ ለጎረቤትም ተርፏል።

እህቶቼ፣ በሚቀጥለው ቁፋሮ ሁሉንም ድንች ለድስት አታውሉት፤ አንድ ሳፋ አስቀሩ። ብድሩ ለዶሮ ይሁን፣ ለልጆች ደብተር ይሁን።