ብድርና ልማት
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ኢትዮጵያ በ2007 ዓ.ም. ከውጭ ባለገንዘቦች 1 ቢሊዮን ዶላር በቦንድ ተበደረች፤ ወለዱ በዓመት 6.625 በመቶ ነበር። በታኅሣሥ 2016 ዓ.ም. ግን የግማሽ ዓመቱን ወለድ፣ 33 ሚሊዮን ዶላር፣ ሳትከፍል ቀረች። ግብር የሚሰበሰበው በብር፣ ዕዳው የሚከፈለው በዶላር ነውና ብር በረከሰ ቁጥር ሸክሙ ይከብዳል።

በ2003 ዓ.ም. ተጀምሮ በ2017 ዓ.ም. ለተመረቀው የዓባይ ግድብ ግን የአገሩ ሰው ከደመወዙ ቆጥቦ በብር ቦንድ ገዛ። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን ገንዘቡን ካዋጡት መካከል ቤታቸው ዛሬም መብራት ያልገባላቸው አሉ።

እንግዲህ ስለ ብድር በተነሣ ቁጥር ሁለት ነገር እንጠይቅ፤ በምን ገንዘብ ይከፈላል? ጥቅሙስ ለማን ይደርሳል? ከፋዮቹ እኛ ነንና ዝም ማለት አይገባንም።