ጫጩቶችን ከነባር ዶሮዎች ጋር ስለ ማቀላቀል

በማኅበሩ ዓመታዊ ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



የዶሮ እርባታን በገጠር ለማስፋፋት ከሚሠሩት ሥራዎች አንዱ፣ ከ45 እስከ 60 ቀን ያደጉ ቄቦችን ለአርሶ አደሩ ቤተሰብ ማድረስ ነው። ክትባቱ ይመዘገባል፤ የታደለውም ቁጥር በሪፖርት ይሰፍራል። ይሁን እንጂ እነዚህ ቄቦች በማሳደጊያው ቤት ሳሉ ከእኩዮቻቸው በቀር ሌላ ዶሮ አይተው አያውቁም። በአዲሱ ጓሮ የሚጠብቋቸው ግን እንቁላል የጣሉ፣ ጫጩት ያሳደጉና የግቢውን ጥግ ሁሉ የሚያውቁ ነባር ዶሮዎች ናቸው። የቤቲቱ እመቤት ከእንቁላል ሽያጭ ባጠራቀመችው ገንዘብ የገዛችው ንብረት መትረፍና መጥፋት በአብዛኛው የሚወሰነው በእነዚህ የመተዋወቂያ ሳምንታት ነው።

ዶሮዎች በኅብረት የሚኖሩት በማዕረግ ነው። ኖርዌያዊው ሊቅ ቶርሌይፍ ሼልደሩፕ ኤቤ እ.ኤ.አ. በ1922 ባሳተመው ጥናት እንዳስረዳው፣ በአንድ መንጋ ውስጥ እያንዳንዷ ዶሮ የትኛዋን እንደምትነቁርና ከየትኛዋ እንደምትሸሽ ለይታ ታውቃለች። ተራው አንዴ ከተደላደለ ጠቡ ይበርዳል፤ እንግዳ በገባ ጊዜ ግን ሙግቱ እንደ አዲስ ይጀመራል። ስለዚህ የነባሯ ዶሮ መንቆር ክፋት ሳይሆን ሥርዓት ማስከበር ነው። የአርቢው ተግባርም ጠቡን ጨርሶ ማጥፋት ሳይሆን፣ ታናሾቹ ሳይቆስሉና ሳይራቡ እንዲያልፉት ማድረግ ነው።

የአካል ማነስ የማዕረግ ማነስ እንዳልሆነም መዘንጋት አይገባም። ባንታም ተብለው የሚጠሩት ድንክ ዶሮዎች ለዚህ ምስክር ናቸው፤ የጎለመሰች ባንታም በቁመት የምትበልጣትን ቄብ ስታሳድድ ትታያለች። ክብደቷ በአብዛኛው ከአንድ ኪሎ ተኩል የማያልፈው የኢትዮጵያ የአገር ዶሮም እንዲሁ ናት። የተሻሻለው ዝርያ ቄብ በፍጥነት ስለሚያድግ «ራሱን ይችላል» ብሎ መተው ስሕተት ነው። አካሉ ቢገዝፍም ልቡ ገና የጫጩት ነው።

ከጠቡ በፊት የሚታሰበው በሽታ ነው። ጤነኛ መስላ የምትታይ ነባር ዶሮ የኮክሲዲዮሲስን ወይም የማሬክን በሽታ ልታስተላልፍ ትችላለች። በተለይም የማሬክ ክትባት በተፈለፈሉበት ቀን ቢሰጥም፣ ዕጢውን ይከላከላል እንጂ ተሕዋሲው ወደ አካል እንዳይገባ አያግድም። በአንጻሩ ደግሞ ከውጭ የመጡት ቄቦች ፈንግልን ይዘው ቢገቡ፣ እመቤቲቱ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን እንደ ጣለችው ትሆናለች። በመሆኑም አዲሶቹ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በሌላ ስፍራ፣ በሌላ መመገቢያና መጠጫ ተለይተው ሊቆዩ ይገባል። በየዕለቱም አስቀድሞ ለጤነኞቹ ነባሮች፣ ቀጥሎ ለአዲሶቹ መኖ መስጠት ይበጃል።

ሁለተኛው ደረጃ መተያየት ነው። ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ያህል ሁለቱ ወገኖች በሽቦ ወንፊት ተለያይተው ይተያዩ፤ ይሰማሙ፤ ግን አይነካኩ። ሽቦ በሌለበት ቤት ክፍተት ያለው ትልቅ የቀርከሃ ቅርጫት ተደፍቶ፣ ድንጋይ ተጭኖበት ቀን ቀን ቄቦቹን ቢያስጠልል ያንኑ አገልግሎት ይሰጣል። ቅርጫቱ ከጥላ ሥር መሆን፣ ውኃም ሊጎድለው አይገባም።

ሦስተኛው መቀላቀል ነው። መጀመሪያ በቀን ለጥቂት ሰዓት፣ ሰው በአቅራቢያ ባለበት፣ ሰፊ በሆነ ግቢ ይለቀቁ። አንድን ቄብ ብቻውን ማስገባት የሁሉንም ዱላ በእርሱ ላይ ማሳረፍ ስለሆነ በቡድን ማስገባት ይሻላል። መመገቢያና መጠጫው ከሁለት ስፍራ ባላነሰ ተራርቆ ይቀመጥ፤ ጠንካራዪቱ ዶሮ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ልትጠብቅ አትችልምና። ታናናሾች ብቻ የሚያልፉበት ጠባብ ቀዳዳ ለትላልቅ ዝርያዎች ጥሩ መፍትሔ ነው። ነባሮቹ ድንክ ሲሆኑ ግን በዚያው ቀዳዳ ስለሚሾልኩ፣ ሁለት መውጫ ያለው መሸሸጊያ ይመረጣል። ደም የፈሰሰው ቄብ ወዲያው ይወሰድ፤ የቀይ ቁስል መታየት ሌሎቹን ለመንቆር ይስባል። በሌሊት ቆጥ ላይ አስቀምጦ ማሳደር ቢረዳም፣ ጎሕ ሲቀድ ጠቡ ስለሚነሣ ብቻውን አይበቃም።

መኖ ለሚገዛ አርቢ አንድ ማሳሰቢያ ይጨመራል። የእንቁላል ጣዮች መኖ ከ3 ከመቶ በላይ ካልሲየም ስላለው የታናናሾቹን ኩላሊት ይጎዳል። ስለዚህ ለሁሉም የታዳጊ መኖ ሰጥቶ፣ የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ለጣዮቹ ለብቻው ማቅረብ ይቻላል።

ከሁሉ የሚቀለው መንገድ ግን የጥንቱ ነው። እናት ዶሮ ያሳደገቻቸው ጫጩቶች አስታራቂ አያስፈልጋቸውም፤ በክንፏ ሥር ሆነው የመንጋውን ሥርዓት ይማራሉ። ታቅፋ ለምትገኝ ዶሮ የአንድ ቀን ጫጩቶችን በጨለማ ከሥሯ ማስገባትም ብዙ ጊዜ ይሳካል። ለቄቦች ግን ይህ በር ተዘግቷል፤ የእናቲቱን ተግባር የሚወጣው ሰው ነው።

ስለዚህ የባለሙያው ኃላፊነት ቄቡን በማስረከብ አይፈጸምም። ሪፖርቱ «ይህን ያህል ቄብ ታደለ» ከማለት አልፎ፣ «ከሁለት ወር በኋላ ይህን ያህሉ ከነባሮቹ ጋር በአንድ ቆጥ ያድራሉ» ሊል ይገባዋል። እመቤቲቱ ገንዘቧን ያወጣችው ለዚህ ነውና።